ቆራሌው የወሰደው ቁልፍ

መቼም የጊፋታ ሰሞን ሶዶ ውስጥ አሮጌ ነገር ማቆየት ይከብዳል። ግቢ ይጠረጋል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ ዕዳ ያለበት ለመክፈል ይሯሯጣል። እኛም ቤት ጽዳቱ ሲደርስ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ድርግም ብሎ የቀረው ራውተራችን ከተሰበረ ወንበር ጋር ለቆራሌ ተሰጠ። በለውጡ አንድ የፕላስቲክ ጆግ አገኘን። ባለቤቴ ደስ አላት፤ እኔም ደስ አለኝ።

አዲሱን ራውተር ሳስገባ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ስሙንም ፓስወርዱንም የድሮውን አደረግሁት። ማን የሁሉንም ስልክ አንድ በአንድ ያስተካክላል? የልጆቹ አለ፣ ቴሌቪዥኑ አለ፣ ደግሞ ጎረቤት አለ። የአጥር ጎረቤታችን የእትዬ ልጅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዋን ያጠናችው በእኛ ዋይፋይ ነው። በሰፈራችን ፓስወርድ መከልከል ማለት እኮ ቡና አፍልቶ አለመጥራት ማለት ነው።

ሳምንት ሳይሞላ ሬዲዮ ላሠራ ወደ መርካቶ ወረድኩ (ሶዶም የራሷ መርካቶ አላት)። ጠጋኙ ልጅ ሬዲዮኔን እየፈታ ሳለ ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። ሳየው ከቤቴ ዋይፋይ ጋር ተገናኝቷል፤ «ኢንተርኔት የለውም» ይላል። ቤቴ እኮ የት ነው! ቀና ስል የእኛው ራውተር መደርደሪያው ላይ አረንጓዴ መብራቱን ያርገበግባል። ባለቤቴ ፓስወርዱን ጽፋ ጀርባው ላይ የለጠፈችው ፕላስተር ሳይቀር እንዳለ አለ። የሟች እናቴ ስም፣ ከተወለድኩበት ዓመት ጋር።

«አዳፕተሩ ብቻ ነው የተቃጠለው ጋሼ» አለኝ ልጁ። «ሌላ ስሰካለት ተነሳ።»

እንግዲህ ነገሩ ወዲህ ነው። ራውተር ስሙንና ፓስወርዱን የሚይዘው መብራት ቢጠፋም በማይጠፋ ማኅደር ላይ ነው። ተበላሸ ማለት ረሳ ማለት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ኢሴት የተባለው የስሎቫኪያ የኮምፒዩተር ደኅንነት ኩባንያ ድርጅቶች ተጠቅመው የሸጧቸውን ራውተሮች ገዝቶ ነበር። ከፍቶ ማየት ከቻላቸው ከግማሽ በሚበልጡት ውስጥ የቀድሞ ባለቤቶቻቸው ምስጢር እንዳለ ተቀምጦ አገኘ። ባለሙያ ያላቸው ድርጅቶች እንዲህ ከሆኑ እኔና ጆጌ ምን እንሁን?

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የጠረጠርኩት ቆራሌውን ነው። ከዚያ ደግሞ ጠጋኙን። ሁለቱም ምንም አላደረጉም። አንደኛው ከፍሎ ወሰደ፣ ሌላኛው የሞተ አስነሳ። ቁልፉን ከነአድራሻው ጠቅልዬ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሰው ግን ሲደነግጥ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ጆንያ በተሸከመው ላይ ነው፤ ይኼ ጠባያችን ከራውተሩ በላይ አሳፈረኝ።

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሳይፈቀድለት የሰው ሥርዓት ውስጥ የሚገባውን ይቀጣል። ሰባሪውን ሕግ ያውቀዋል። በሩን ከፍቶ የሄደውንስ ማን ይጠይቀው? «የራሴ ቤት፣ የራሴ ጉዳይ» እንዳልል መስመሩ በስሜ ይሁን እንጂ ውስጡ ያለሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። ፓስወርዱን የያዘ ሰው አጥር ሥር ቆሞ በስሜ ያሻውን ሊልክ ይችላል፤ ከመስመሩ ጋር የተያያዙትን ስልኮችና ካሜራዎችም ሊነካካ ይችላል። (ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ የተመሰጠረ ስለሆነ የባንክ ምስጢራችሁን ቁጭ ብሎ ያነባል ማለት አይደለም፤ አታጋንኑት።) አደራ የምንለው ነገር ድሮ ግልጽ ነበር፤ ሰጪ አለ፣ ተቀባይ አለ፣ ብዙ ጊዜም ምስክር አለ። የእትዬ ልጅ ግን ስልኳን ከእኛ ዋይፋይ ጋር ስታገናኝ አደራ መስጠቷን አታውቅም። እኔም መቀበሌን አላውቅም ነበር። ያልታወቀ አደራ የበላ ሰው አደራ በላ ይባላል? አላውቅም ነበር ማለት እስከ መርካቶ ድረስ አዋጣኝ፤ ከዚያ ወዲህ ግን አያዋጣኝም።

ጠጋኙ ልጅ አንድ የወረቀት ክሊፕ አቃንቶ ከራውተሩ ኋላ ያለችውን ቀዳዳ አሥር ሰከንድ ያህል ተጫናት። መብራቶቹ ጠፍተው እንደገና በሩ፤ ከስልኬም ላይ የቤቴ ስም ጠፋ። ፕላስተሩን ልጦ ሰጠኝና «ይኼንን ሳልሸጠው በፊት ሁሌም ነው የማደርገው» አለኝ። ጨርሶ የማይነሳ ቢሆንስ? «ያኔማ ቤትህ ያለውን ትቀይራለህ እንጂ!» አለኝ እየሳቀ። የሬዲዮውን ከፈልኩ፤ ለክሊፑ አልቀበልም አለ።

ማታ አዲስ ፓስወርድ አወጣሁ። የእናቴ ስም የለበትም። ወዲያው እትዬ አጥሩ ላይ ብቅ አሉ። «ምን አጠፋን? ልጅቷን ዘጋችሁባት አሉ» አሉኝ ቅር ብሏቸው። የራውተሩን ታሪክ ከነጆጉ አወራኋቸውና አዲሱን በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። ወረቀቱን እያጠፉ ትንሽ አሰቡ።

«እኛም እኮ የልጅቷን ስክሪኑ የተሰበረ ስልክ ለዚያው ቆራሌ ሰጥተነዋል» አሉ። «ባልዲ ነው የሰጠን።»