ከክርስትናው ቀን በኋላ

ወንድ ልጅ በ40፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና እንዲነሡ የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ነው። በዚያ ቀን ሕፃኑ ስም ይወጣለታል፤ እናቲቱ ግን ዕድሜዋ 16 ወይም 17 ቢሆን፥ ባልም ባይኖራት፥ ከቅጥሩ ጥግ ቆማ ዓይኗን ከምድር አታነሣም። እኛ ካህናት ሕፃኑን አጥምቀን ስናሰናብት እርስዋንም አብረን ማሰናበታችንን አናስተውልም። እንግዲህ ልጅ ሳለች የወለደች እናት ያለ ጊዜዋ ዳግመኛ እንዳታረግዝ የሚጠብቃት ምንድር ነው? ተግሣጽ ነውን ወይስ መጠጊያ?

በአዲስ ከተማ አብነት የሚባለው ሰፈር ከአውቶቡስ ተራ እምብዛም አይርቅም። (ስሙን ስንሰማ እኛን የሚታወሰን የድጓውና የቅኔው ጉባኤ ነው፤ ሰፈሩ ግን የመርካቶ ነው።) ከገጠር መጥታ በዚያ የምትወርድ ልጅ ዘመድ ካላገኘች በደላላ እጅ ሰው ቤት ትገባለች። ከቤቱ ጌታ ወይም አገባሻለሁ ካላት ወጣት ብታረግዝ፥ ሆዷ ሲገፋ ከሥራዋ ትሰናበታለች። ልጅ ያዘለች ሠራተኛ የሚቀጥር ጥቂት ነውና፥ ማደሪያ ስታጣ የቤት ኪራይ የሚከፍልላትን ወንድ ትጠጋለች፤ ሁለተኛው ልጅ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። ይህን አይተን ፈቃደ ሥጋ አሸነፋት ብንል ሳንመረምር ፈረድን፤ ያሸነፋት ጣራ ማጣት ነው።

በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፥ ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት የአገራችን ሴቶች ከመቶው 13 ወልደው ወይም አርግዘው ተገኝተዋል፤ በአዲስ አበባ 3 ብቻ ነበሩ። ይሁን እንጂ ጥቂት መሆናቸው ይበልጥ እንዲያፍሩና እንዲሸሸጉ ያደርጋቸዋል። በገጠር ግን ልጂቱን እናት የሚያደርጋት አብዛኛውን ጊዜ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፤ የ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ ወደ 18 ከፍ አደረገው። ከዚያም ወዲህ ድግሱን የባረኩ ካህናት አልታጡም።

ሐኪሞች ከወሊድ በኋላ ዳግመኛ እስኪጸነስ ቢያንስ 24 ወር እንዲቆይ ይመክራሉ። የምታጠባ ሴት አታረግዝም የሚለው አነጋገር ብዙዎችን አሳስቷል፤ ይህ የሚያገለግለው ሕፃኑ ስድስት ወር ሳይሞላው፥ ከጡት በቀር ሌላ ሳይቀምስ፥ የእናቲቱም የወር አበባ ሳይመለስ ብቻ ነው። ይህን የነፍስ አባት ቢናገር ኃጢአትን ማለማመድ አይሆንምን የሚሉኝ አሉ። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ንጽሕናን ማስተማር ግዴታችን ነውና። ነገር ግን አጋርን እናስታውስ። እርስዋም የሰው ቤት አገልጋይ ነበረች፤ ከጌታዋም ፀነሰች። መልአኩ በምድረ በዳ ባገኛት ጊዜ አስቀድሞ የጠየቃት ከየት እንደ መጣችና ወዴት እንደምትሄድ ነው። በሁለተኛው ስደቷም የአቁማዳው ውኃ ሲያልቅና ሕፃኑን ላለማየት ርቃ ስታለቅስ፥ እግዚአብሔር ተግሣጽን ሳይሆን የውኃ ጉድጓድን አሳያት።

እኛስ ወዴት ትሄጃለሽ ብለን ጠይቀናት እናውቃለንን? ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ንስሓን አይሽርም፤ መድኃኒቱን መምረጥ የባለሙያው፥ ነፍሷን መጠበቅ የእኛ ነው። የልጁንም አባት ፈልጎ ቀለብ እንዲሰጥ ማስጨነቅ ይገባል፤ እስከ ዛሬ ያስጨነቅነው እርስዋን ብቻ ነው። ደግሞም በሥርዓታችን የክርስትና እናት አለች። ለሕፃኑ ብቻ ሳይሆን ለእናቲቱም እናት ብትሆናት፥ የሰንበቴ ማኅበርተኞችም በየተራ ሕፃኑን እስከ ቀትር ቢይዙላት፥ ልጂቱ ያቋረጠችውን ትምህርት ትቀጥላለች፤ ማታም የምትገባበት ደጅ ይኖራታል። በመጪው ክርስትና ላይ ስሙን ከጠየቅን በኋላ የእናቲቱን ማደሪያ ጠይቀን እንጻፍ።