ስለ ይበል ባዮች

አንድ መጽሐፍ መልካም ወይም ክፉ ሆኖ በተገኘ ጊዜ ምስጋናውንም ወቀሳውንም ለደራሲው ብቻ መስጠት የተለመደ ነው። ልማዱም ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ብዕሩን የያዘው እርሱ ነውና። ነገር ግን ያ ደራሲ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን መጽሐፍ እንዲጽፍ ያደረገው ማን እንደ ሆነ፣ ከሁለት መንገድ አንዱን ይዞ እንዲሄድ የገፋውም ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ነው። አንባቢ የሚወደውን ደራሲ መርጦ «በርታ፣ ቀጥል» ባለው ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ ከሚጻፈው ነገር የሚደርስበት ዕዳ አለን? ወይስ አንብቦ ደስ ከተሰኘ በኋላ እጁን ታጥቦ መሄድ ይችላል?

ወደዚህ ጥያቄ ያደረሰን በደቡብ ኦሞ፣ በሐመር ወረዳ ባለችው በዲመካ ያጋጠመን ትንሽ ነገር ነው። ዲመካን የሚያውቅ ሰው የቅዳሜ ገበያዋን ያውቃል። ሐመሮች ከየመንደራቸው ማርና ቅቤ፣ ማሽላና ቅል ይዘው ይወጣሉ፤ ሴቶቹ ጠጕራቸውን በቀይ አፈርና በቅቤ አሽተው ያጌጡ ናቸው፤ ከሩቅ አገር የመጡ ጎብኚዎችም ፎቶግራፍ ለማንሣት በመካከላቸው ይመላለሳሉ። ከዚያ ገበያ ዳር፣ በአንዲት ሻይ ቤት ጥላ ሥር፣ ጥቂት ተማሪዎች ተሰብስበው አንዱ ከደብተር ሲያነብላቸው አገኘን። የሚያነበው ራሱ የደረሰውን ታሪክ ነበር። ደብተሩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ያነበበውም ሁሉ በመጨረሻው ገጽ ላይ አስተያየቱን ይጽፋል። ልጁ የትኛው ታሪክ እንደ ተወደደለት የሚያውቀው በዚህ ነው።

በደብተሩ ውስጥ ሦስት ታሪኮች ነበሩ። የመጀመሪያው ማር ይዛ ከልጅ ልጅዋ ጋር ወደ ገበያ ስለ ወረደች አንዲት አሮጊት ነው፤ አሮጊቲቱ የሚዛኑን ቁጥር ማንበብ አትችልም፤ ልጂቱ ግን ትምህርት ቤት የገባች ናትና አንብባ ትነግራታለች። ሁለተኛው ስለ ከብት ዘረፋና ስለ ደም መመለስ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከሁለተኛው የባሰ ነው። ለመጀመሪያው ታሪክ አስተያየት የጻፉለት ሦስት ልጆች ብቻ ሲሆኑ፣ ለሁለተኛው የተጻፈው ግን ገጹን ሞልቶ ወደ ሽፋኑ አልፎ ነበር። እኛ ወደ ጂንካ የሚመልሰን መኪና እየጠበቀን ስለ ነበር የሦስተኛውን ታሪክ መጨረሻ ብቻ ሰምተን «ግሩም ነው፤ በዚሁ ቀጥል» ብለን ተነሣን። በዓመቱ ተመልሰን ልጁን ባገኘነው ጊዜ አዲሱ ደብተር ከዳር እስከ ዳር ጥይትና ደም ሆኖ ቈየን። ስለ አሮጊቲቱ ብንጠይቀው «ጋሼ፣ እርሷን ማንም አልወደዳትም፤ እርስዎም በዚሁ ቀጥል ብለውኛል» አለን።

መልስ አልነበረንም።

በዚህ ነገር የሐመር ሽማግሌዎች ከእኛ ይልቅ ጥንቁቆች ናቸው። በአገሩ ልማድ በሕዝብ ጉባኤ ቆሞ ቃል የሚያሰማ ሰው «አዮ» ይባላል፤ ጦር ይዞ ይናገራል። ይህ ሰው ራሱን አይሾምም፤ የሚመርጡት ሽማግሌዎች ናቸው። ቃሉ ለአገር የበጀ እንደ ሆነ በሚመጣውም ጊዜ ተነሥተህ ተናገር ይሉታል፤ ያልቀናለትን ግን ይተዉታል። እንዲሁም ባርጆ በሚጠሩበት ጊዜ፣ ባርጆ ማለት በረከት፣ መልካም ዕድል ማለት ነው፣ አንዱ ይመራል፤ የቀሩትም ቃሉን በአንድነት ይቀበሉታል። ከዚህ የምናስተውለው ነገር አለ። ሰሚዎቹ ተናጋሪውን የሚመዝኑት ጆሯቸውን ደስ በማሰኘቱ ብቻ አይደለም፤ ቃሉ ወጥቶ ምን ይዞ እንደ ተመለሰ አይተው ነው። እኛ ግን ምስጋናችንን የምንሰጠው መጽሐፉ ገና በእጃችን ሳለ፣ ልባችን ሲመታ ነው።

የሐመርን ነገር ካነሣን ዘንድ አንድ ሌላ ምስክር እንጨምር። ባልዳምቤ የተባለ የሐመር ሰው ስለ ሕዝቡ አኗኗርና ልማድ የተናገረው ቃል፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ዓ.ም. በታተመ መጽሐፍ ወጥቶአል። ያሳተሙት ኢቮ ሽትሬከርና ጂን ሊዳል የተባሉ ባልና ሚስት ናቸው፤ ከሐመሮች ጋር ብዙ ዘመን ተቀምጠው ቋንቋውን ተምረዋል። ባልዳምቤ ዐዋቂና አንደበተ ርቱዕ ነበረ፤ ሆኖም ያ ሁሉ ዕውቀት ከአንደበቱ ወጥቶ መጽሐፍ እንዲሆን፣ አጠገቡ ተቀምጦ «ከዚያስ?» የሚለው ሰሚ አስፈልጎታል።

የእኛም አባቶች ይህን ምሥጢር ያውቁት ነበር። በብራና መጻሕፍት መጨረሻ ላይ ጸሐፊው የሚያኖረውን ልመና የተመለከተ ሰው ያስታውሳል፤ ምሕረት የሚለመነው ለጻፈው ብቻ አይደለም፤ ላጻፈው፣ ላነበበው፣ ለተረጐመውና ቃሉን ለሰማውም ነው። ብራናውን የገዛ፣ ጸሐፊውን የቀለበ ያጻፈ ይባላል፤ ስሙም ከጸሐፊው ስም ቀጥሎ፣ አንዳንድ ጊዜም ቀድሞ ይገኛል። እንግዲህ በበረከቱ ያጻፈና የሰማ ተካፋይ ከሆኑ፣ መጽሐፉ ክፉ በሆነ ጊዜ ከዕዳው ነጻ የሚሆኑበት ምክንያት ምንድር ነው? ዛሬ ብራና ገዝቶ የሚያጽፍ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን መጽሐፍ የሚገዛ፣ ገዝቶም ለወዳጁ «ይህን አንብብ» ብሎ የሚያቀብል ሁሉ ያጻፈ ነው።

ይልቁንም የቅኔ ቤት ሥርዓት ለዚህ ነገር ጥሩ መስተዋት ነው። ተማሪው ብቻውን ገለል ብሎ ቅኔውን ይቈጥራል፤ ከዚያም በመምህሩ ፊት ይናገራል። መምህሩ ጀማሪውን መወድስ አምጣ አይለውም፤ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ያስጀምረዋል፤ የተሳሳተውን ያርመዋል፤ ያቀናለታል። ቅኔው በቤተ ክርስቲያን በተሰማ ጊዜ ምሥጢሩ የገባቸው ሊቃውንት «ይበል!» ይላሉ። ይህች አንዲት ቃል ለባለቅኔው ከብዙ ወርቅ ትበልጥበታለች። ነገር ግን ልብ ይሏል፤ «ይበል» የሚያሰኘው ሰምና ወርቁን መርምሮ ማግኘት ነው። ምሥጢሩ ሳይገባው ጎረቤቱን ሰምቶ «ይበል» የሚል ሰው በሊቃውንት ዘንድ መሳቂያ ነው፤ እኛም በዲመካው ሻይ ቤት ያደረግነው ከዚህ የተለየ አልነበረም።

በዚህ ላይ የሚቃወመን አንባቢ ይኖራል። «እኔ የማነበው ድካሜን ለመርሳት ነው፤ ገንዘቤን ከፍዬ ደስታዬን ገዛሁ፤ ደራሲው የሚጽፈውን የሚወስነው ራሱ ነው እንጂ እኔ ሞግዚቱ አይደለሁም» ይለናል። ከቃሉ ግማሹ እውነት ነው። አንባቢ ነጻ ነው፤ ያልወደደውን መጽሐፍ በግድ ውደድ የሚለው የለም፤ ደስታም ኀጢአት አይደለም። ሁለተኛው ግማሽ ግን ነገር ሲመረመር አይጸናም። አርተር ኮናን ዶይል የተባለው ብሪታንያዊ ደራሲ ሸርሎክ ሆምዝ ስለሚባለው ወንጀል መርማሪ መጻፍ ሰልችቶት፣ እ.ኤ.አ. በ1893 ዓ.ም. ባሳተመው ታሪክ ገደለው። አንባቢዎች ተቈጡ፤ መጽሔቱን መግዛት የተዉም ነበሩ። ደራሲው እ.ኤ.አ. በ1903 ዓ.ም. የገደለውን ሰው በሕይወት መልሶ ጻፈ። በልብ ወለድ ዓለም ሙት ያስነሡት አንባቢዎች ናቸው፤ እንዲህ ያለ ሥልጣን ያለው ሰው «እኔ የለሁበትም» ቢል ማን ያምነዋል?

በአገራችንም ምሳሌው ከዚህ የከበደ ነው። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» የተባለውን ልብ ወለድ በ1975 ዓ.ም. አሳተመ። መጽሐፉ ወዲያው ታገደ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ። መጽሐፉ ግን በስውር ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ተነበበ። ያነበቡት ሰዎች በፍርሃት ውስጥ ሆነው መጽሐፉን ማቆየታቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። ሆኖም አንባቢው ተሸሽጎ ሲያነብ፣ ስሙን በሽፋኑ ላይ የጻፈው ሰው ብቻውን ዋጋ ከፍሎአል። እውነትን እንዲጽፍልን የምንሻውን ደራሲ «በርታ» ስንለው፣ ምን እንድሸከም ነው ብሎ ቢጠይቀን ልንመልስለት የምንችል ስንቶቻችን ነን?

እዚህ ላይ ስለ ራሳችንም እንናገር። የመጽሔት ሰዎች ከዚህ በደል ውጭ አይደለንም። የሌላውን ሰው ጥፋት የሚገሥጽ ጽሑፍ ያወጣን እንደ ሆነ የምስጋና ደብዳቤ ይጎርፍልናል፤ የአንባቢውን የራሱን ጥፋት የሚነካ ያወጣን እንደ ሆነ ግን የፖስታ ሣጥናችን ባዶ ይውላል። ከዚህም የተነሣ እጃችን ሳናውቀው ወደ ፊተኛው ያዘነብላል።

እንግዲያስ ማበርታት እንዴት ያለ ነው? ሐዋርያት ዮሴፍ የተባለውን ሌዋዊ በርናባስ ብለው ጠሩት፤ ትርጓሜውም የመጽናናት ልጅ ማለት ነው። ሳውልን ሁሉም በፈሩት ጊዜ ይዞ ወደ ሐዋርያት ያቀረበው እርሱ ነው። ዮሐንስ የተባለው ማርቆስም በጵንፍልያ ተለይቶአቸው ስለ ተመለሰ ጳውሎስ ዳግመኛ ሊወስደው አልወደደም፤ በርናባስ ግን ይዞት ወደ ቆጵሮስ ሄደ። ያ ወጣት በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ወንጌልን የጻፈው ማርቆስ ነው። በርናባስ ማርቆስን «መመለስህ መልካም ነበር» ብሎ እንዳላመሰገነው ልብ እንበል፤ «ከእንግዲህ አትረባም» ብሎም አልጣለውም። ይዞት ሄደ። ማሞገስና ማበርታት እንዲህ ይለያያሉ፤ ያሞገሰ ሰው ቃሉን ሰጥቶ ይሄዳል፤ የሚያበረታ ግን መንገዱን አብሮ ይሄዳል፤ ጊዜውንም ያወጣል። እኛ ለዲመካው ልጅ የሰጠነው ቃልን ነው፤ እርሱም ርካሹን።

የአንባቢ ዝምታም ከዚሁ ይቈጠራል። መልካሙን ሥራ በልባችን ወድደን ሳንናገር የቀረንበት ጊዜ ስንት ነው! ሦስቱ ልጆች ስለ አሮጊቲቱ የጻፉት አስተያየት አጭር ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ «አያቴን አስታወሰችኝ» ብሎ ነበር። እኛ ይህን ያየነው በኋላ፣ የፊተኛውን ደብተር ለምነን ባገላበጥን ጊዜ ነው። ልጁ ገጹን የሞላውን ጩኸት ሰማ እንጂ ይህችን ቃል አልሰማትም፤ የሚሰማትም ሰው አልነገረው።

በዚያው ቀን መኪናው እንዲሄድ ተውነውና ልጁን የፊተኛውን ታሪክ እንዲያነብልን ለመንነው። ተግደርድሮ ጀመረ። አሮጊቲቱ በሌሊት ከመንደርዋ ተነሥታ፣ ቅሉን በጀርባዋ አዝላ፣ ደረቁን ወንዝ ተሻግራ ስትመጣ ድምፁ እየረጋ ሄደ። ሻይ የምትቀዳው ልጅ ጀበናዋን እንደ ያዘች ቆማ ትሰማ ነበር። ታሪኩም አልቆ ሁላችንም ዝም ባልን ጊዜ «ሚዛኑ ላይ የነበረው ቁጥር ግን ስንት ነው? ነጋዴውስ ስንት ነው ያላት?» ብላ ጠየቀችው። ልጁ ይህን አላሰበበትም ነበርና ደብተሩን ገልጦ እስክሪብቶ ይፈልግ ጀመር።