«ኦሪጅናል» ስንል ምን ማለታችን ነው?

አንድ ነገር ክፍሎቹ በየጊዜው እየተለወጡ ከሄዱ በኋላ ያው የቀድሞው ነገር ነው ሊባል ይችላልን? ጥያቄው አዲስ አይደለም። ጥንታዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ፣ አቴናውያን የቴሴዎስን መርከብ የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ በአዲስ እየተኩ እንዳቆዩትና ፈላስፎችም «ያው ነው»፣ «አይደለም» በማለት እንደተከራከሩበት ይነግረናል። በእኛም አገር ጥያቄው ከደጃችን አይጠፋም። የጉራጌ ጎጆ ክዳኑ ሲያረጅ ሣሩ ይለወጣል፤ ግድግዳው ሲዘም ይታደሳል፤ ልጅየው ግን ቤቱን «የአባቴ ቤት» ማለቱን አይተውም። እኔ ይህን ጥያቄ በመጽሐፍ አውቀው ነበር። የተማርሁት ግን በቡታጅራ አቅራቢያ በምትገኘው በእንሴኖ ከተማ፣ በአሮጌ ጆንያ ላይ በተዘረጋ የካምቢዮ ዕቃ ፊት ቁጭ ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በማረቆ በርበሬ ንግድ የኖሩ አንድ አዛውንት ሲሞቱ ለልጆቻቸው ካወረሱት ንብረት መካከል ቢ.ኤስ.ኤ. ኤም 20 የተባለ የእንግሊዝ ሞተር ሳይክል ነበረበት። አሮጌ ዕቃ የሚሰበስቡ አንድ የአዲስ አበባ ሰው ሊገዙት መጡ። «ካምቢዮው ሳይቀር ሁሉ ነገሩ ኦሪጅናል ከሆነ ዋጋውን እጨምራለሁ» አሉ። ወራሾቹም እንግሊዝኛ ያነባል፣ የመለዋወጫውንም ዝርዝር መጽሐፍ ያገላብጣል ብለው እኔን ጠሩኝ። ፍርድ ሰጪ ሆኜ ሄድሁ።

ስለ ሞተሩ ጥቂት ልበል። ቢ.ኤስ.ኤ. እ.ኤ.አ. በ1861 በበርሚንግሃም ከተማ በጠመንጃ ሠሪዎች የተቋቋመ ኩባንያ ሲሆን፣ ተደግፈው የቆሙ ሦስት ጠመንጃዎችን ምልክቱ ያደረገውም ስለዚሁ ነው። ኤም 20 እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 1955 ተሠርቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብቻ 126,000 ያህል ለጦር ሠራዊት ቀርቧል። ሞተሩ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ 496 ሲ.ሲ. ነው። አራት ማርሽ ያለው ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር አንድ አካል ሆኖ የተሠራ አይደለም፤ ከኋላው ለብቻው ታስሮ በሰንሰለት ይያያዛል። ስለዚህ አንዱን ካምቢዮ ፈትቶ ሌላውን ማሰር ቀላል ነው። የጥርጣሬውም ምንጭ ይህ ነው።

እንግዲህ የፋብሪካውን ዕቃ ከሌላው የሚለዩት ምልክቶች ምን ምን ናቸው? አንደኛ፣ በቀፎውና በክፍሎቹ ላይ ያለው ቁጥር ከዝርዝር መጽሐፉ ጋር ይመሳከራል። ሁለተኛ፣ ብሎኑ ይታያል፤ የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ብሎን በኢንች የተለካ ስለሆነ የሚሊሜትር ቺያቤ በትክክል አይነክሰውም፤ በትክክል ከነከሰው ግን ብሎኑ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ሦስተኛ፣ የጥርሱ ገጽ በብርሃን ይመረመራል፤ በመኪና የተቆረጠ ጥርስ ጭረቱ ሁሉ አንድ ዓይነትና እኩል ሲሆን፣ በሞረድ የተበጀው ግን የእጅን መንቀጥቀጥ ይዞ ይቀራል። አራተኛ፣ አብረው የኖሩ ጥርሶች አበላላቸው አንዱ ከሌላው ጋር ይገጥማል።

በዚህ ዓይነት ስመረምር ቀፎው ትክክል ነበር፤ አልቤሮዎቹም ትክክል። ሦስተኛውን ማርሽ አንሥቼ ወደ ብርሃን ሳዞረው ግን ቁጥር የለውም፤ በጥርሶቹ ላይ የሞረድ ጭረት አለ። «ይኸ ፎርጅድ ነው» አልሁ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አዋቂነቴም እንዲሰማ ፈልጌ።

ካምቢዮውን የፈቱልን ሽማግሌ መካኒክ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ቆመው ነበር። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «አንተ ልጅ፣ ያንን እኔ ነኝ የሠራሁት» አሉኝ። «ጥርሱ ረግፎ ሞተሩ ቆመ። መርካቶ ሶማሌ ተራ ድረስ ተፈልጎ ጠፋ። ከተሰበረ የጭነት መኪና አክስል ቆርጬ ቡታጅራ በቶርኖ አስላግሁት፤ ጥርሱን የረገፈውን ቆጥሬ በሞረድ አወጣሁ፤ አግዬ በዘይት ነከርሁት። ከዚያ ወዲያ ሃያ ዓመት ሄዷል።»

«ይቅርታ ጋሼ» ከማለት ሌላ የምናገረው አጣሁ። ማታ ግን ነገሩን ሳብሰለስል አደርሁ። ሰውየው የሠሩት ማርሽ የሚሽከረከር፣ ጭነት የሚችል፣ ሃያ ዓመት የሠራ እውነተኛ ማርሽ ነው። ታዲያ ሐሰተኛ ያልሁት ምኑን ነው?

ስሕተቴ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን አንድ ማድረጌ ነበር። አንደኛው «ይህ ዕቃ ከየት መጣ?» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «ይህ ዕቃ ምንድን ነው?» የሚል ነው። ለፊተኛው ቁጥሩና ብሎኑ መልስ ይሰጣሉ። ለኋለኛው መልስ የሚሰጠው ሥራው ብቻ ነው። ሐሰት የሚባለው ነገር የሚወለደው በእንሴኖ የተሠራውን «በበርሚንግሃም ተሠራ» ያልን ጊዜ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን የሚዋሸው ሰው ነው እንጂ ብረቱ አይደለም።

ከዚህም የከፋ ነገር በራሴ ውስጥ አገኘሁ። ያን ማርሽ አንድ የበርሚንግሃም ሠራተኛ በሞረድ ሠርቶት ቢሆን ኖሮ «የጥንት የእጅ ጥበብ» ብዬ አደንቀው ነበር። የናቅሁት የእኛ ሰው እጅ ስላረፈበት ነው። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ፋቂውን ስንሰድብ የኖርን ሕዝብ መሆናችን የታወቀ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ለማውጣት የተገደዱት ስድቡ አገር የሚጎዳ ሆኖ ስለተገኘ ነው። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስድቡ ግን መልኩን ለውጦ፣ «ኦሪጅናል አይደለም» በሚል የተማረ ቃል ተሸፍኖ በእኔ አንደበት ወጣ።

ይህን ስል ጥንተ አካል ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። የገዢው ጥያቄም ከንቱ አልነበረም። የፋብሪካው ክፍል የዘመኑን ብረት፣ የዘመኑን መሣሪያና ልኬት የሚመሰክር ሰነድ ነው፤ እሱን ጥሎ በአዲስ መተካት ምስክርን ማጥፋት ነው። ነገር ግን ፍጹም ጥንተ አካል የምንለው ራሱ ሲመረመር የጠበቅነውን ያህል ንጹሕ ሆኖ አይገኝም። የጦርነቱ ዘመን ኤም 20 የሞተሩና የሻሲው ቁጥር ከፋብሪካ ሲወጣም አንድ አይደለም። የጦር ሠራዊቱ ጋራዦችም የአንዱን ሞተር ከሌላው ካምቢዮ ጋር እያጋጠሙ ያድሱ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ከሮም በሦስት ተከፍሎ የተመለሰው የአክሱም ሐውልትስ? በዘመናችን የምሕንድስና ማያያዣ ተጋጥሞ በ2000 ዓ.ም. በቦታው ሲቆም ማያያዣውን አይቶ «የአክሱም አይደለም» ያለ ማን አለ?

ቋንቋችንም እንዲሁ ነው። በዚያ ጆንያ ዙሪያ የቆምን ሁሉ ስለ እንግሊዝ ዕቃ ስንነጋገር ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ቶርኖ እንል ነበር፤ ሁሉም ከጣልያን የመጡ ቃላት ናቸው። ይሁንና አማርኛ ከመናገር አልወጣንም። እኔ የምተዳደርበት የቲያትር ጥበብም ከዚህ አይለይም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮመድያ» የተባለውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት ሲጽፉ ቅርጹን ያዩት በውጭ አገር ነው፤ ጥርሱን ያወጡት ግን በራሳቸው ሞረድ ነው። ከባዕድ የመጣ ቅርጽ መያዝ የሚያሳፍር አይደለም። የሚያሳፍረው የተቀበሉትን የራስ ነው ማለት፣ ወይም የራስን ሥራ በባዕድ ቁጥር መሸፈን ነው።

በማግስቱ ታላቅየው ወራሽ፣ «ቁጥር እናስቀርጽበትና ዝም እንበል» የሚል ሐሳብ አመጣ። ገንዘቡ ለቤተሰቡ ቀላል አልነበረምና አልፈርድበትም። እኔ ግን ያንን ማርሽ የሐሰት ቁጥር ብናለብሰው፣ ያን ጊዜ በእርግጥ ፎርጅድ እንደሚሆን ነገርሁት። ገዢውን መዋሸት ብቻ አይደለም፤ የሠራውን ሰው ከሥራው ላይ መፋቅ ነው። ብዙ ከተከራከርን በኋላ በሽያጩ ወረቀት ላይ «ሦስተኛው ማርሽ በእንሴኖ የተሠራ ነው» ተብሎ ተጻፈ። ገዢውም አንብበው ዋጋ ቀነሱ። ታላቅየው ልጅ እስከ ዛሬ ሲያየኝ ፊቱን ያጠቁራል።

ኪሳራው እውነተኛ ነው፤ አልክደውም። ነገር ግን እኛ መምህራን፣ ጸሐፊዎችና የባህል ሠራተኞች «ጥንታዊ» እና «ሐሰተኛ» የሚሉትን ቃላት በየቀኑ በሰው ሥራ ላይ የምንለጥፍ ሰዎች ነን። ከመለጠፋችን በፊት ሁለቱን ጥያቄዎች ለይተን ብንጠይቅ፣ ሠሪውም አጠገባችን ቆሞ እንደሆነ ዞር ብለን ብናይ ይበጃል።