ዒላማህን እጅህ በሚደርስበት ትከል

ልጄ፣ መስከረም ጠብቶ ጉሙ ከቧሂት ተራራ ላይ ሲገለጥ ልብህ ወደ ገደሉ እንደሚሸፍት አውቃለሁ። ባሕር ማዶ ያሉ ቀስተኞች አጋዘን ሲያድኑ በስልክህ አይተህ፣ «አጋዬ፣ እኔም ለዚህ ጥቢ ግብ ላውጣ፤ ቀስት ልሥራና ልለማመድ፤ ከየት ልጀምር?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ወቅቱ ሳይደርስ የሚሰናዳ ወጣት ደስ ይለኛል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና። ስለዚህ ሁለት ነገር እመክርሃለሁ፤ መጀመሪያ ምን እንደምታድን፣ ቀጥሎ ግብህን እንዴት እንደምታወጣ።

ከመጀመሪያው ልጀምር፤ በእኛ በሰሜን ተራሮች ደሙ የሚፈስ ዋልያ ከእንግዲህ አይኑር። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደንን ሕግ ይከለክላል። በሌላው የአገራችን ክፍል፣ በባሌና በአርሲ በኩል፣ ለአደን የተከለለ ቦታ አለ፤ መንግሥት ፈቃድ ይሰጣል፣ ስንት እንደሚገደልም ይወስናል። ዋልያን ግን ማንም ፈቃድ አውጥቶ አያድነውም። ምክንያቱም ዋልያ በዓለም ላይ ከሰሜን ተራሮች በቀር ሌላ አገር የለውም። እዚህ ካለቀ ከየትም አይመጣም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ እኛም ማዶ ለማዶ ስናየው ስላደግን ብርቅነቱ አይታየንም።

የቀድሞ ሰዎች ዋልያን ለሥጋው፣ ለቆዳውና ለቀንዱ አድነውታል፤ ቀንዱ የመጠጥ ዋንጫ ይሆን ነበር። በጥላቻ ያደረጉት አይደለም፤ የሚያልቅ አልመሰላቸውም። ኋላ ጠመንጃ በዛ፣ እርሻና ግጦሽ ወደ ገደሉ አፋፍ ወጣ፣ እንስሳውም ተመናመነ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ ታውጆ፣ በ1970 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። ከዚያ በ1989 ዓ.ም. «አደጋ ላይ ያለ ቅርስ» ተብሎ ስማችን በዓለም ፊት ተጠራ፤ ከዚያ መዝገብ ለመውጣት እስከ 2009 ዓ.ም. ጠበቅን። በፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ የግጭ መንደር ሰዎች ያባቶቻቸውን ቀዬ ለቀው ወደ ደባርቅ የወረዱት በዚሁ ምክንያት ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ጦርነትና አለመረጋጋት ሲደራረብ የዋልያው ቁጥር እንደገና አሽቆለቆለ። ያን ሁሉ ዋጋ ሰው ከከፈለ በኋላ አንድ ወጣት ለፉከራ ብሎ ቀስት ቢለቅ፣ የሚጎዳው ዋልያውን ብቻ አይደለም፤ ቀዬውን የለቀቀውንም ሰው ነው።

ወቅቱንም ልብ በል። የዋልያ ዋናው የስሪያ ጊዜ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ሴቷ አምስት ወር ያህል አርግዛ ክረምቱ ሲወጣ ትወልዳለች። አንተ ቀስት ልወጥር በምትልበት በዚህ ጥቢ እናቲቱ ግልገሏን ገደል ውስጥ ሸሽጋ ታጠባለች። እሷን የገደለ ግልገሉንም ገደለ።

እንግዲህ አዳኝነቱን አትተው፤ መግደሉን ተው። የአዳኝ ዓይን፣ የአዳኝ እግርና የአዳኝ ትዕግሥት ዛሬም ይፈለጋሉ። በፓርኩ ስካውት ሆኖ የሚጠብቅ፣ ከደባርቅ ተነሥቶ እንግዳ የሚመራ፣ ለቆጠራ የሚወጣ ሰው ሁሉ የሚኖረው በዚሁ ሙያ ነው። ለዚህ ጥቢ የምታወጣው ግብ ማየት፣ መቁጠርና መጠበቅ ይሁን።

አሁን ወደ ግቡ አወጣጥ ልምጣ። ብዙ ወጣት የሚሳሳተው፣ ግቡን በእጁ በሌለ ነገር ላይ ሲያቆም ነው። «በዚህ ወቅት ትልቁን አውራ ዋልያ አያለሁ» ቢል፣ አውራው ካልወጣስ? «ሃያ እንግዳ እመራለሁ» ቢል፣ እንግዳው ካልመጣስ? ገበሬ ዝናቡን አያዝዝም፤ ማሳውን ግን በጊዜው ያርሳል። አንተም ያንተ የሆነውንና የአውሬው የሆነውን ለይ። በማለዳ መነሣት ያንተ ነው፤ የዋልያው መውጣት የሱ ነው። ግብህን ያንተ በሆነው ላይ ብቻ ጻፍ። የትም ፍጪው ዱቄቱን አምጪው የሚለው ተረት ለገበያ ይሠራ ይሆናል፤ ለገደል ግን አይሆንም። በገደል ላይ አፈጫጩ ከተበላሸ ዱቄቱም የለም፣ ፈጪውም የለም።

የመጀመሪያው ግብህ አንድ ቦታን ማወቅ ይሁን። በፓርኩ ያሉትን ሳንቃበርን፣ ግጭን፣ ጨነቅንና ቧሂትን በአንድ ጥቢ ላዳርስ አትበል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ለቤትህ የሚቀርበውን አንድ ገደል ምረጥ። ውኃው የት እንደሚወርድ፣ መንጋው በየት በኩል እንደሚሻገር፣ ረፋድ ላይ በየትኛው ጥላ እንደሚያርፍ እስክታውቅ ድረስ ሌላ አትመኝ። አንዱን ገደል አጥርቶ የሚያውቅ ሰው ሥራ ፈላጊ አይሆንም፤ ሥራው ራሱ ይፈልገዋል።

ሁለተኛው ዓይንህን ማሠልጠን ነው። አውራው ቀንዱ ወፍራም፣ ወደ ኋላ የተቆለመመና በፊቱ በኩል ጉብ ጉብ ያለ ነው፤ የሴቷ ቀጭንና አጭር ነው። ከሩቅ ሆነህ አውራውን ከሴቷ፣ ጎረምሳውን ከሽማግሌው፣ የዘንድሮውን ግልገል ካምናው ለይ። ዋልያ ለግጦሽ የሚወጣው ይበልጡን በማለዳና ወደ ማታ ነው፤ አንተም ሰዓትህን ከሱ ጋር አስማማ። ያየኸውን በደብተር አስፍር፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ስንት እንደነበሩ። ምንም ባላየህበት ቀን «አላየሁም» ብለህ ጻፍ፤ እሱም ዕውቀት ነው። የተጠራጠርኸውን ግን እንደ እውነት አትጻፍ። የውሸት ቁጥር ከጥይት አይሻልም፤ አለ እያልን ሳለ ያልቃልና።

ሦስተኛው ሳያስበረግጉ ማየት ነው። የምትወዳቸው ቀስተኞች ይህን ያውቃሉ። ቀስት እንደ ጠመንጃ ከሩቅ ስለማይሠራ፣ ጥሩ ቀስተኛ ሠላሳ አርባ ሜትር ድረስ ሳይቀርብ አይለቅም፤ ለዚያች አንዲት ቀን ብሎም ወራት ሙሉ በዒላማ ላይ ሲለማመድ ይከርማል። ጥበባቸውን ውሰድ። ማለዳ ብርዱ ሳይለቅ ነፋሱ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው ወደ ላይ ይነሣል። ጠረንህ ከነፋሱ ጋር ይሄዳልና ማለዳ ከታች ወይም ከጎን፣ ረፋድ ላይ ከላይ ሆነህ ተመልከት። መንጋው ሳያይህ አይተኸው፣ ሳይሸሽ ትተኸው ብትመለስ ያ ቀን ሞልቶልሃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ በገደል አፋፍ የፈሰሰ ግን አይለቀምም።

አራተኛው ቤትህን አለመበደል ነው። ጥቢው የገብስ አጨዳም ነው። አባትህ ብቻውን እያጨደ አንተ በገደል ለገደል ብትዞር፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉሃል። የአጨዳውንና የውቂያውን ቀን መጀመሪያ ለይ፤ የቀረውን ለገደሉ ስጥ። ትምህርትህንም እንዲሁ፤ እንግዳ የሚመራ ሰው ቋንቋና ታሪክ ያስፈልገዋል፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ውድ የርቀት መነጽርና ጫማ በዱቤ አትግዛ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆንብሃል።

አምስተኛው ሌላው እንዳያጠፋ መርዳት ነው። ውሻችሁ ወደ ፓርኩ አብሮህ አይውጣ፤ ውሻ ዋልያን ያሳድዳል፣ ለቀይ ቀበሮም የእብድ ውሻ በሽታ ያጋባል። ከብት የሚያግዱ ታናናሾችህን ከፓርኩ ክልል ውጭ እንዲያሰማሩ ምከር። ጭላዳ ገብሱን ሲያጠፋ በጅራፍና በጩኸት ይመልሱት እንጂ አይግደሉት። ወጥመድ ብታገኝ ወይም የጥይት ድምፅ ብትሰማ ብቻህን አትጋፈጥ፤ ቦታውንና ሰዓቱን ይዘህ ለስካውቶቹ ንገር። ግልገሎች ያረፉበትን ቦታ በስልክህ አትለጥፍ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፣ መጠንቀቅ አሁን ነው።

አምስቱን አንድ ገጽ ላይ ጻፋቸው፤ ከዚያ በላይ አትጨምር። ለመስቀል ጀምር፣ ለገና መርምር፤ ከጥቢው የተረፈውን ለፋሲካ ደምድም። በገና ስትመረምር ያልሆነውን አንሣና ምክንያቱን ለይ። ስንፍና ከሆነ አስተካክል፤ ግቡ ካቅምህ በላይ ከሆነ ቀንስ። ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ ይባላል፤ ሰው ነንና ካሰብነው ሳንደርስ ይመሻል። ቢሆንም ሩቅ ያሰበና በየቀኑ ጥቂት የተራመደ፣ ካላሰበው ይልቅ ርቆ ያድራል። ደግሞ ግብህን በየጠጅ ቤቱና በየሠርጉ አትፎክርበት። ለአንድ ለሚታዘብህ ሰው ብቻ ንገር፤ ሲያይህ «የት ደረስህ?» ብሎ የሚጠይቅህ ሰው ከመቶ አጨብጫቢ ይበልጥብሃል።

ለጓደኞችህም ይህንኑ ንገር፤ በመካነ ብርሃን፣ በደባርቅና በዳባት ላሉትም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። አንድ ወጣት አንድ ገደል ቢይዝ፣ ጠባቂ የሌለው ገደል አይኖርም። አባቶቻችን በገደሉት አውሬ ስማቸው ተጠራ። የእናንተ ስም ግን ባተረፋችሁት ዋልያ ይጠራ። ቀስቱን ለዒላማ ሰሌዳ ብቻ ወጥር፤ ደብተርህን ግን ዛሬውኑ ጀምር። እግዚአብሔር ዓይንህን ያጥራልህ፣ እግርህን ያጽናልህ፣ ወቅቱን የሰላም ያድርግልን።