ጽፋት በዋሽንግተን

ጩኸት አምልኮን አያረክስም። ይህን የምለው አዲስ አበባ ውስጥ ወሰን በሚባለው ሰፈር ባለ ደብር ለዓመታት ከበሮ የመታሁ ሰው ሆኜ ነው። መረግድ በሚባለው የማኅሌት ክፍል ላይ ምቱ ዝግ ይላል፤ መቋሚያው ከግራ ወደ ቀኝ ይወዛወዛል። ጽፋት የሚባለው ክፍል ላይ ሲደረስ ግን ከበሮው ይጣደፋል፣ ጭብጨባው ይደራል፣ እልልታው ይቀልጣል። የከበሮው ጠፍር የጌታን የግርፋት ሰንበር፣ ምቱ ደግሞ በጥፊ መመታቱን እንደሚያስታውሱ ከአባቶች ተምረናል። ያን ያህል መከራ የተሸከመ ነገር በለሆሳስ ብቻ ሊነገር አይችልም።

ስለዚህ አንድ የሰንበት ተማሪ ባድ ብሬንስ የሚባለውን የአሜሪካ ፐንክ ባንድ አሰምቶኝ «ይሄ ጸሎት ነው ወይስ ኃጢአት?» ሲለኝ በፍጥነቱ አልደነገጥኩም። የደነገጥኩት ጃህ ብለው በሚጠሩት ነው። ራስተፈርያን ናቸው፤ ለእነሱ ጃህ ማለት በጃንሆይ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ የተገለጠ አምላክ ነው።

ባንዱን የመሠረቱት አራት የዋሽንግተን አካባቢ ጥቁር ወጣቶች ናቸው፦ ኤች አር፣ ወንድሙ ኧርል ሃድሰን፣ ዳሪል ጄኒፈርና ዶክተር ኖው። መጀመሪያ ጃዝ ፊውዥን ይጫወቱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ገደማ (ዓመታቱ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ወደ ፐንክ ዞሩ። ያን ጊዜ አዲስ አበባ በቀይ ሽብር ትታመስ ነበር። ጃንሆይ ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ አስከሬናቸው የት እንዳለ እንኳ ሕዝቡ አያውቅም። የተገኘው በ1992 ቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ነው፤ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፈው በ2000 ነው። እኛ ስማቸውን ለመጥራት በምንፈራበት ዘመን ባሕር ማዶ ያሉ ልጆች የቦብ ማርሊን ኮንሰርት አይተው ወደ ራስተፈሪ እምነት ገቡ። የዋሽንግተን ክለቦች በር ሲዘጉባቸው ኒው ዮርክ ሄዱ። በ1982 ያወጡት ካሴት ሽፋን ላይ መብረቅ የካፒቶልን ጉልላት ሲመታ ይታያል። በ1986ቱ አልበም ላይ ደግሞ ኤች አር አንዱን ዘፈን የዘፈነው ከእስር ቤት በስልክ ነው። የፍቅር ዘፈን መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን በሰማሁት ቁጥር በወኅኒ ውስጥ በመንፈቀ ሌሊት የዘመሩት ጳውሎስና ሲላስ ትዝ ይሉኛል።

ታዲያ ጸሎት ነው? እንደ እምነቴ ስግደት የሚመዘነው በዜማው አይደለም፤ በሚሰገድለት ነው። ጃንሆይ ቅዳሴ የሚያስቀድሱ፣ የሚሰግዱ፣ የሚቆርቡ ሰው ነበሩ። በ1967 ለካናዳ ጋዜጠኛ ሰው እንደሆኑና እንደማንኛውም ሰው እንደሚሞቱ በግልጽ ተናግረዋል። በዚህ ላይ ወደኋላ የምልበት ምክንያት የለም፤ ፍጡርን ማምለክ ስሕተት ነው።

ነገር ግን የተጠሙትን አይቼ ልስቅባቸው አልችልም። የቀድሞ አባቶቻቸው በሰንሰለት የተወሰዱ፣ ፈጣሪን በጌቶቻቸው መልክ ተስሎ ያገኙ ሰዎች ናቸው። ዘውድ የደፋ፣ የራሱ መጽሐፍና የራሱ ፊደል ያለው ጥቁር ንጉሥ ሲያዩ ተንበረከኩ። ያዩት እውነት ነው፤ የተንበረከኩለት ነው የተሳሳተው።

ለዚህ ስሕተት የሚገባውን መልስ ያገኘሁት ከቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ነው። ጃንሆይ በ1966 ጃማይካን ጎበኙ፤ በ1970 ደግሞ ኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት አባ ላእከ ማርያም ማንደፍሮ እዚያ ቤተ ክርስቲያን ሊተክሉ ሄዱ። ብዙዎች በጃንሆይ ስም አጥምቁን አሏቸው። አልተስማሙም፤ ያጠመቁት በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ነው። በዚህ ቅር ተሰኝተው የተመለሱ ነበሩ፤ እሳቸው ግን ሰዎቹን ለማግኘት ብለው ትምህርቱን አላለዘቡም፣ ሰዎቹንም አልሰደቡም። ቦብ ማርሊን በኅዳር 1980 ኒው ዮርክ ውስጥ አጠመቁት። የክርስትና ስሙ ብርሃነ ሥላሴ ነው፤ በቀጣዩ ዓመት ግንቦት ሲሞት የተሸኘውም በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ነው።

ከወሰን መገናኛ በሚመላለሱት ታክሲዎች የማርሊ ፎቶ ከቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ጎን ተለጥፎ አያለሁ። ሾፌሮቹን ብጠይቃቸው ዘፈኖቹን በቃላቸው ያወርዱልኛል፤ መጠመቁን የሰማ እስካሁን አላገኘሁም። ጥፋቱ የሾፌሮቹ አይደለም፤ የእኛ የአስተማሪዎቹ ነው። በሰንበት ትምህርት ቤታችን ስለ አቡነ ይስሐቅ ራሱን የቻለ ትምህርት እንዲሰጥ ጠይቄአለሁ። ያ ተማሪም ከነካሴቱ ይምጣ።