የንድፍ አውጪው ዕዳ ለማን ነው?

የሰው እጅ የሠራው ነገር ሁሉ በእጅ ከመሠራቱ በፊት በሐሳብ የተሠራ ነው። የምንቀመጥበት ወንበር፥ የምንወጣበት ደረጃ፥ የመድኃኒቱ ጠርሙስ፥ በየመሥሪያ ቤቱ የምንሞላው ቅጽ፥ በእጃችን የምንይዘው ስልክ፥ አንድ ሰው አስቀድሞ ቁመቱንና ስፋቱን፥ አከፋፈቱንና አዘጋጉን ያላሰበለት አንድ ስንኳ የለም። ይህን የሚያስበው ሰው ንድፍ አውጪ ይባላል፤ ብዙዎችም ዲዛይነር ይሉታል። እኛም ከዚሁ ሙያ እንጀራችንን የምናገኝ እንደ መሆናችን መጠን፥ ዘወትር በፊታችን የሚቆመውን አንድ ጥያቄ ለክቡራን አንባብያን ልናቀርብ ወደድን። ይኸውም ንድፍ አውጪ ባለዕዳነቱ ለማን ነው? ሥራውን አዝዞ ለከፈለው ነውን? ወይስ በሥራው ለሚገለገለው? የሚል ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ይህ ጥያቄ በቀድሞው ዘመን እምብዛም የከበደ አልነበረም። ማረሻ የሚቀጠቅጠው ባለሙያ የሚያርስበትን ገበሬ ያውቀዋል፤ ማረሻው የተጣመመ እንደ ሆነ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ወቀሳውን ከገበሬው አፍ ይሰማል። ሸክላ ሠሪዋም የእንስራዋን ጆሮ ስታበጅ ውኃ የምትቀዳበት ሴት ጎረቤቷ ናት። ከፋዩና ተገልጋዩ አንድ ሰው ነበረና። ፋብሪካ ከመጣ ወዲህ ግን ሁለቱ ተለያዩ። ገንዘቡን ይዞ ከጠረጴዛው ፊት ለፊት የሚቀመጠው ሌላ ነው፤ ዕቃውን ይዞ የሚኖረው ሌላ ነው። የፊተኛው ይናገራል፥ ያርማል፥ ይቈጣል፤ የኋለኛው በዚያ ስፍራ የለም። የንድፍ አውጪ ፈተና ከዚህ ይጀምራል፤ ፊቱን የማናየውን ሰው በበደልን ጊዜ የሚከለክለን እፍረት የለምና።

ስለዚህ ነገር ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 ቍጥር 8 ግልጽ ሥርዓት ሠርቶአል። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ፥ ከዚያ ወድቆ የሚሞት ሰው ቢኖር የደም ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ያዝዛል። የዚያ አገር ጣራ ጠፍጣፋ ስለ ሆነ ሰው ይወጣበትና ይቀመጥበት ነበረ። እንግዲህ ሕጉ ጥንቃቄውን ጣራው ላይ ለሚወጣው እንግዳ ብቻ አልተወውም፤ የቤቱ ሠሪ ገና ያልመጣውን እንግዳ፥ ስሙን የማያውቀውን ሰው፥ ሳይወድቅ አስቀድሞ እንዲያስበው ግድ አለው። ለንድፍ ሙያ ከዚህ የበለጠ መመሪያ ልናገኝ አልቻልንም።

ይህን መመሪያ በሥራ የፈጸሙ ሰዎች በቅርቡ ዘመንም አሉ። ኒልስ ቦሊን የተባለው ስዊድናዊ መሐንዲስ ቀድሞ ለአውሮፕላን ነጂዎች በአደጋ ጊዜ የሚያስወጣቸውን መቀመጫ ይሠራ ነበር። በኋላም ወደ ቮልቮ ኩባንያ ገብቶ በ1959 ዛሬ በየመኪናው የምናየውን፥ ትከሻንና ወገብን በሦስት ነጥብ የሚይዘውን የመቀመጫ ቀበቶ አወጣ። ከዚያ በፊት የነበረው የወገብ ቀበቶ በግጭት ጊዜ የላይኛውን አካል አይዝም፥ የሆድ ዕቃንም ይጎዳ ነበር። የቦሊን ቀበቶ ግን ማንም ሰው በአንድ እጁ ጎትቶ ሊያስረው የሚችል ነው። ኩባንያውም የፈጠራው መብት በእጁ ሳለ ሌሎች የመኪና ሠሪዎች ሁሉ እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። ከዚህ የምንረዳው ከፋዩ ሁልጊዜ የተገልጋዩ ባላጋራ አለመሆኑን ነው፤ ባለገንዘቡና ባለሙያው በአንድ ኅሊና ሲቆሙ ጥቅሙ በውል ላይ ስማቸው ለማይገኝ እጅግ ብዙ ሰዎች ይደርሳል።

ነገር ግን በጎ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም። በ2000 በአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ፥ በፍሎሪዳ ግዛት በፓልም ቢች አውራጃ፥ ሽማግሌዎች በቀላሉ እንዲያነቡት በማሰብ ፊደሉ ጐላ ብሎ የተዘጋጀ የድምፅ መስጫ ወረቀት ነበረ። ፊደሉ ስለ ጐላ የእጩዎቹ ስም በአንድ ገጽ አልበቃ ብሎ በግራና በቀኝ ተከፈለ፤ የሚበሳውም ቀዳዳ በመካከል ሆነ። በግራ በኩል በሁለተኛ ተራ የተጻፈው የአል ጎር ስም ሲሆን ሁለተኛው ቀዳዳ ግን በቀኝ በኩል ላለው ለሌላ እጩ የሚቈጠር ነበር። ከ19 ሺህ በላይ ወረቀቶች ከአንድ ቀዳዳ በላይ ተበስተው ስለ ተገኙ ተጣሉ። በግዛቱ ሁሉ አሸናፊው ተሸናፊውን የበለጠው ግን በ537 ድምፅ ነው። ያዘጋጀው ሰው ክፋት አላሰበም፤ ለሽማግሌዎች ርኅራኄ አድርጎአል። የጎደለው ወረቀቱን አስቀድሞ ለጥቂት ሽማግሌዎች ሰጥቶ እንዴት እንደሚይዙት መመልከት ነው።

መጠየቅና መመልከት ምን እንደሚያፈራ በሕንድ አገር ታይቶአል። በጃይፑር ከተማ ራም ቻንድራ ሻርማ የተባለ የእጅ ባለሙያና ፕራሞድ ካራን ሴቲ የተባሉ የአጥንት ሐኪም በ1968 አዲስ ሰው ሠራሽ እግር አወጡ። ከውጭ አገር ይመጣ የነበረው እግር ጫማ ለሚያደርግና በወንበር ለሚቀመጥ ሰው የታሰበ ነበር። የሕንድ ገበሬ ግን በባዶ እግሩ ይሄዳል፥ ቊጢጥ ብሎ ይቀመጣል፥ በሩዝ ማሳ ጭቃ ውስጥ ይቆማል። ስለዚህ በጎማ የተሠራ፥ የሚተጣጠፍ፥ ያለ ጫማ የሚያስኬድ፥ ዋጋውም ርካሽ የሆነ እግር አበጁ። ለድኻ የተረፈውን ዕቃ መስጠትና የድኻውን አኗኗር ተመልክቶ መሥራት የተለያዩ ምግባሮች መሆናቸውን ይህ ሥራ ያስረዳናል።

ነገሩ ከእኛም የራቀ አይደለም። የመጻፊያ መኪና ቍልፎች ከአርባ ብዙ የማይበልጡ ሲሆኑ ፊደላችን ከሁለት መቶ በላይ ነው። ከዚህም የተነሣ ፊደሉ ቅጥያው ለብቻው እየተመታ ይገጣጠም ነበርና መልኩ ተበላሸ። ይባስ ብሎ ፊደሉ ለመኪናው እንዲመች ይቀነስ፥ ይለወጥ የሚል ክርክርም ተነሥቶ ነበር። በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ በገባ ጊዜ ግን መኪናው ለፊደሉ ሊመች እንደሚችል ታየ። ሕዝብ ለዕቃው ሲባል ይቈረጥ ከማለት በፊት ዕቃው ያለ እኛ የታሰበ እንዳይሆን መመርመር ይገባል።

በዚህ ስፍራ አንድ እውነተኛ ተቃውሞ አለ። ንድፍ አውጪው፦ እኔ ተቀጣሪ ነኝ፤ ልጆች አሉኝ፤ እኔ እምቢ ብል ሌላው ይሠራዋል ይላል። ይህን ቃል የምንንቀው አይደለም፤ የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በ1964 ኬን ጋርላንድ የተባለ እንግሊዛዊ ንድፍ አውጪ ከባልንጀሮቹ ጋር በለንደን ባሳተመው መግለጫ፥ የሙያው ብርታት በከንቱ ሸቀጥ ማስታወቂያ ላይ እንዳያልቅ፥ ለትምህርት፥ ለመንገድ ምልክትና እነዚህን ለመሰለ ጠቃሚ ሥራ ቅድሚያ እንዲሰጥ ለመነ። ማስታወቂያ ፈጽሞ ይቅር ግን አላለም።

በእኛም አስተያየት ሥራዎችን በሦስት መክፈል ይቻላል። አንደኛው ሰውን የሚረዳ ነው፤ በደስታ ይሠራል። ሁለተኛው ብዙ የማይጠቅም፥ ነገር ግን የማይጎዳ ነው፤ ስለ እንጀራ ቢሠራ ነቀፌታ የለበትም። ሦስተኛው ተገልጋዩ ቢያውቅ ኖሮ የማይፈቅደው ነው። ለመግባት አንድ ጊዜ መንካት የሚበቃበት፥ ለመውጣት ግን በሩ የተሰወረ የክፍያ ውል፥ ሕፃኑ እንቅልፉን እስኪያጣ ድረስ ማብቂያ በሌለው ገጽ የሚይዝ የስልክ ሥራ ከዚህ ወገን ናቸው። ይህን ሦስተኛውን ሌላው ይሠራዋል ማለት ንጹሕ አያደርገንም፤ ሌላው የሚሠራው በራሱ እጅ ነውና። እምቢታውም ዋጋ ያስከፍላል፤ አያስከፍልም ብለን አንዋሽም።

ይሁን እንጂ ሸክሙን ሁሉ በንድፍ አውጪው ላይ መጫን ፍርድ አይሆንም። አዳራሽ የሚያሠራው፥ ደረጃ የሚያስገነባው፥ መጽሐፍ የሚያሳትመው፥ ከሁሉ ርካሹን ብቻ የሚመርጠው ኅብረተሰብ ነው። አንዲት አሮጊት መደገፊያ በሌለው ደረጃ ላይ ቆማ የሚያወጣት ሰው ስትጠብቅ፥ ወይም ምእመኑ ፊደሉ ከማነሱ የተነሣ ጸሎቱን ማንበብ ሲሳነው፥ ከባለሙያው ጋር አዛዡም፥ መርምሮ የተረከበውም ተጠያቂ ነው። ስለዚህ አንባብያን ሆይ፥ ማናቸውንም ሥራ ስታሠሩ ዋጋውንና መልኩን ከመጠየቃችሁ በፊት በዚህ የሚገለገለው ማን ነው? ከእነርሱስ ደካማው ማን ነው? ብላችሁ ጠይቁ፤ ያንን ደካማም ጠርታችሁ አማክሩት። በዚህ ጊዜ በጠረጴዛው ዘንድ ስፍራ ያልነበረው ሰው ስፍራ ያገኛል፤ እኛም የሙያው ሰዎች ለማን እንደምንሠራ እናውቃለን።