ከሩቅ የሚሰጥ ሰላምታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤

በወረርሽኙ ምክንያት መጋቢት 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ሕዝቡ ከቤቱ እንዳይወጣ በታዘዘ ጊዜ፣ የዌምብሊ ልጆቻችን ትንሣኤን እንኳ ያከበሩት በየቤታቸው ነበር። 2 ሜትር ርቆ መቆምን ሲለምዱ ሰውን መሸሽ እንዳይለምዱ የሰጉ ወላጆች ብዙ ነበሩ።

ቤተ ክርስቲያን ግን ሳይነካኩ መከባበርን አስቀድማ ታውቃለች። በቅዳሴ ዲያቆኑ ሰላምታ እንድንሰጣጥ ሲያዝ፣ ባለንበት ቆመን እርስ በርሳችን እጅ እንነሣለን። ቅዱስ ዮሐንስም ፊት ለፊት መነጋገርን እየናፈቀ፣ ሦስተኛይቱን መልእክቱን የፈጸማት ወዳጆች በየስማቸው ሰላምታ እንዲደርሳቸው በማዘዝ ነው።

ያ መዘጋት አለፈ፤ የስደት ርቀት ግን አላለፈም። አያቱ ጎንደር ያሉ ሕፃን የሚያውቃቸው በስልክ ነው። እንግዲያስ ስልኩን አቀብለን ዘወር አንበል። ልጁ ተነሥቶ ይቁም፤ «እማማ፣ እንዴት ዋሉ?» ይበል፤ ተናግረው እስኪጨርሱ ይታገሥ፤ ምርቃታቸውንም «አሜን» ብሎ ይቀበል። የጢሞቴዎስ እምነት አስቀድሞ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ የነበረ ነው። የአያቱን ምርቃት መቀበል ያልለመደ ልጅ የካህኑን ቡራኬ ማክበር ከወዴት ይማራል?

ልጆቻችንን በፍቅር ያሳድግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።